የሪዲንግ ኮርስን ከስታንዳርድ ጋር ማናበብ

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ስልኬ መጮህ ይጀምራል። እዚህ ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ሃይስኩል የሚያስተምሩ አበሾች፣ ብዙዎቹ በረዳትነት ጀምረው ቀስ ብለው ላይሰንስ ያወጡ ናቸው፣ ይደውሉና «ዘንድሮ ሪዲንግ ስትራቴጂስ የሚባል ክፍል ሰጡኝ፣ መጽሐፍ የለው ምን የለው፣ ከስታንዳርዱ ጋር አላይን አርገህ አምጣ ተባልኩ፣ ከየት ልጀምር» ይላሉ። በስልክ ስደጋግመው ከምከርም አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። አላይን ማረግ ለሚለው ደሞ አማርኛችን «ማናበብ» የምትል ቃል አላት፣ ለንባብ ኮርስ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል።

ኮርሱን ለማታውቁት፣ ከክፍላቸው በታች የሚያነቡ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ከመደበኛው እንግሊዝኛ በተጨማሪ የሚወስዱት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ሰመስተር፣ አንዳንድ ቦታ ሙሉ ዓመት። ጽሑፍ ሲከብዳቸው ምን ማረግ እንዳለባቸው ነው የሚማሩት፣ ርዕሱን አይቶ መገመት፣ እያነበቡ መጠየቅ፣ ዳር ላይ ማስታወሻ መጻፍ፣ ማሳጠር፣ የማያውቁትን ቃል ከዙሪያው መፍታት፣ እንዲህ እንዲህ።

ችግሩም እዚሁ ጋ ይጀምራል። ስትራቴጂ ስታንዳርድ አይደለም። የኮመን ኮርን፣ ብዙ ስቴቶች በጋራ የተቀበሉትን የትምህርት ስታንዳርድ፣ የ9-10 የሪዲንግ ገጾች ከላይ እስከ ታች ብታነቡ «መገመት» ወይ «በዓይነ ህሊና መሳል» የሚል መስመር አታገኙም። ስታንዳርዱ የሚነግራችሁ ልጁ መጨረሻ ላይ ምን መቻል እንዳለበት ነው፣ በምን መንገድ እንደሚያደርሱት ለአስተማሪው ትቶታል፣ ሰነዱ ራሱ መግቢያው ላይ እንደዛ ይላል።

እኔ ይሄን ሳላውቅ የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ አንድ የሚያምር ሠንጠረዥ ሠራሁ። በግራ አሥራ ሁለት ስትራቴጂ፣ በቀኝ የስታንዳርዱ መለያ ኮድ፣ ለእያንዳንዱ ስትራቴጂ ሦስት አራት ኮድ ለጥፌ፣ በቀለም በቀለም አርጌ። የዲፓርትመንት ኃላፊዬ አየችውና አንድ ረድፍ ላይ ጣቷን አርፋ «ይቺ ልጅ ይሄን መቻሏን በምን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ሃይላይት ማረጓን እንጂ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም እኮ። ከዛ ወዲህ ነው ነገሩን ገልብጬ መሥራት የጀመርኩት፣ መጀመሪያ ስታንዳርድ፣ ቀጥሎ ልጁ መቻሉን የሚያሳይ ሥራ፣ ስትራቴጂ መጨረሻ።

የማን ስታንዳርድ ነው?

ቀላል ይመስላል ግን እዚህ አካባቢ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ኮመን ኮር የወጣው በሰኔ 2010 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ያወጡት የገዢዎች ማህበርና የየስቴቱ የትምህርት ኃላፊዎች ምክር ቤት ናቸው፣ የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም፣ ስለዚ እያንዳንዱ ስቴት ከፈለገ ይቀበላል ካልፈለገ ይተዋል። ሜሪላንድና ዲሲ በዛው ዓመት ተቀበሉ፣ ሜሪላንድ «ኮሌጅ ኤንድ ካሪየር ሬዲ» የሚል ስም ሰጥታዋለች። ፖቶማክን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ ግን የለም፣ ቨርጂኒያ ኮመን ኮርን ተቀብላ አታውቅም፣ ኤስኦኤል የሚባል የራሷ ስታንዳርድ አላት። ቴክሳስም እንደዛው የራሷ አላት። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ አሌክሳንድሪያ የተቀጠራችሁ ሰዎች የጓደኛችሁን ካርታ (በየሳምንቱ የትኛው ስታንዳርድ በምን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ) ኮፒ አርጋችሁ እንዳታስገቡ፣ ኮዱ ራሱ ያጋልጣችኋል።

ከዚህ በኋላ የምለው በኮመን ኮር ነው፣ አካሄዱ ግን ለሌላውም ይሠራል።

የሪዲንግ ስታንዳርዶቹ 10 ናቸው። ከ1 እስከ 3 ጽሑፉ ምን ይላል፣ ከ4 እስከ 6 እንዴት ተጻፈ፣ ከ7 እስከ 9 ከሌላ ጽሑፍና ሐሳብ ጋር ሲታይስ፣ 10ኛው ደሞ ምን ያህል ከባድ ጽሑፍ ማንበብ አለበት የሚል ነው። እነዚ 10 ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፣ ለልብ ወለድና ግጥም አርኤል፣ መረጃ ለሚሰጥ ጽሑፍ አርአይ ተብለው። አርኤል ላይ ቁጥር 8 የለም፣ እሱ ክርክርን መመዘን ስለሆነ ለልብ ወለድ አይሆንም ተብሎ ተዘሏል፣ አርኤል 8 ብሎ ካርታ ላይ የጻፈ ሰው አይቻለሁና ተጠንቀቁ። የቃላቱ ጉዳይ በብዛት ኤል ከሚለው የቋንቋ ክፍል ነው የሚገኘው፣ በተለይ ኤል 4። የታሪክና የሳይንስ አስተማሪዎች ደሞ አርኤች እና አርኤስቲ የሚባሉ የራሳቸው የንባብ ስታንዳርዶች አሏቸው፣ ብዙዎቹ አያውቁትም እንጂ።

መሰላሉን ማየት

አሁን 9-10 የሚለውን ገጽ ብቻ አውጥታችሁ አትቀመጡ። አንዱን ስታንዳርድ ያዙና ከ6ኛ ክፍል ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡት። አርአይ 1ን እንይ። 6ኛ ክፍል ላይ ከጽሑፉ ማስረጃ ጥቀስ ይላል። 7ኛ ላይ በርከት ያለ ማስረጃ ይሆናል። 8ኛ ላይ ከሁሉ የበለጠ የሚደግፈውን ምረጥ ይላል። 9-10 ላይ ጠንካራና የተሟላ ማስረጃ፣ 11-12 ላይ ደሞ ጽሑፉ ሳይቋጨው የተወውን ነገር ጭምር ለይ ይላል። አያችሁት፣ በየክፍሉ አንድ እርምጃ ነው የሚጨመረው።

ይሄ ለኛ ኮርስ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ልጆቻችን ያሉት ብዙ ጊዜ 6ኛው ወይ 7ኛው እርከን ላይ ነው። የሚደረገው ምንድነው፣ ካርታው ላይ የሚጻፈው ስታንዳርድ የ9-10ው ይሆናል፣ የታችኞቹ እርከኖች ደሞ የሳምንቱ እርምጃዎች ይሆናሉ። ሰኞ አንድ ማስረጃ ማግኘት፣ ረቡዕ ሦስት አግኝቶ ማወዳደር፣ አርብ የተሟላው የቱ እንደሆነ መከራከር። አንዳንዱ አስተማሪ አዝኖ የ6ኛ ክፍሉን ስታንዳርድ ራሱን ግብ አርጎ ይጽፋል፣ እኔ አልስማማም፣ ልጁ ክሬዲት የሚያገኘው የሃይስኩል ነው፣ እዛው 6ኛ ላይ ካስቀመጥነው ማነው የሚያወጣው?

ማረጋገጫውን ቀድሞ መጻፍ

ስታንዳርዶቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመስላሉ እንጂ ውስጣቸው ሁለት ሦስት ሥራ አለ። አርአይ 2 ዋናውን ሐሳብ ለይ ይላል፣ በዛ አያበቃም፣ ያ ሐሳብ በጽሑፉ ውስጥ እንዴት ብቅ እንዳለ፣ በየትኛው ዝርዝር እየተቀረጸና እየጠራ እንደሄደ አሳይ ይላል፣ ከዛ የራስህን አስተያየት ሳትጨምር አሳጥረህ ጻፍ። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተምረን መሀሉን እንዘለዋለን። ስለዚ ግሱን በሙሉ አስምሩበት፣ ለእያንዳንዱ ግስ ልጁ የሚያስረክባችሁ ነገር ምን እንደሆነ ጻፉ። ለአርአይ 2 የኔ እንዲህ ነው፣ አይተውት የማያውቁት የአንድ ገጽ ጽሑፍ እሰጣለሁ፣ ዋናው ሐሳብ መጀመሪያ የታየው ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነው፣ የት ላይ ነው የተለወጠው ወይ የጠበበው፣ ከዛ አራት ዓረፍተ ነገር ማሳጠሪያ፣ «እኔ እንደማስበው» የሚል ከገባ ነጥብ ይቀነሳል። ይሄ ከተጻፈ በኋላ ስትራቴጂው ራሱ ይመጣል፣ ለእያንዳንዱ አንቀጽ ዳር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍና መጨረሻ ላይ ዳር ያሉትን ብቻ ወደታች ማንበብ፣ ለውጡ የት ጋ እንደሆነ በዓይን ይታያል።

ማሳጠር ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኛ ልጆች፣ በተለይ ቤታቸው አያት ያለች ከሆነ፣ «ተረት ተረት፣ የላም በረት» እየሰሙ ስላደጉ መተረክ ይችሉበታል። ግን ትረካና ማሳጠር ሌላና ሌላ ናቸው፣ ተረት ላይ አንድም ነገር ከዘለልክ አያትህ ይቆጡሃል፣ ማሳጠር ላይ ካልዘለልክ እኔ እቆጣለሁ። እንደዚህ ብዬ ስነግራቸው ይስቁና ይገባቸዋል።

አንድ ጽሑፍ በቅርበት

በወሬ ብቻ እንዳይሆን የምሠራበትን አንዱን ላሳያችሁ። አርአይ 9 በ9-10 ላይ የአሜሪካን ታላላቅ ሰነዶች እንዲያነቡ ይጠይቃልና አራት ምሳሌ በስም ይጠራል፣ የዋሽንግተን ስንብት ንግግር፣ የሊንከን የጌቲስበርግ ንግግር፣ የሩዝቬልት የአራቱ ነጻነቶች ንግግር፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የበርሚንግሃም እስር ቤት ደብዳቤ። ለኛ ኮርስ የጌቲስበርጉን የሚያክል የለም፣ 270 ቃል አካባቢ ነው፣ በአንድ ገጽ ያልቃል፣ ቋንቋው ግን ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቦታው በዛው ዓመት ሐምሌ በተደረገ ጦርነት ለሞቱ ወታደሮች የተዘጋጀ መቃብር ነው፣ ንግግሩ የተደረገው ኖቬምበር 19 ቀን 1863 ነው። ከዛ የመጀመሪያዋ መስመር፣ «ፎር ስኮር ኤንድ ሰቨን ይርስ አጎ»። ስኮር ማለት ሃያ ነው ብዬ ብቻ እጽፋለሁ። አራት ሃያ 80፣ ሲደመር ሰባት 87፣ ከ1863 ሲቀነስ 1776። እዚህ ጋ ከመጡ ገና ስድስት ወር ያልሞላቸው ልጆች ይቀድማሉ፣ ሒሳቡ ቋንቋ አይፈልግማ። ከዛ ጥያቄው ይመጣል፣ ሕገ መንግሥቱ የተረቀቀው በ1787 ነው፣ ታዲያ ሰውዬው አገሪቷን ለምን ከ1776 ጀምሮ ቆጠረ? መልሱ እዛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፣ ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ የሚለው የነጻነት አዋጁ ቃል ነው፣ የነጻነት አዋጁ ደሞ የ1776 ነው። ልጁ ጽሑፉ በግልጽ ያላለውን ከጽሑፉ ማስረጃ አውጥቶ ደረሰበት ማለት ነው፣ አርአይ 1 ይሄ ነው፣ ኢንፈረንስ የሚለውን ቃል እንኳን ገና አላነሳሁም።

ሁለተኛው ቀን «ዴዲኬት» የምትለውን ቃል እናሳድዳለን። ስድስት ጊዜ ትመጣለች፣ ሁሉንም በአንድ ቀለም ያስምራሉ። መጀመሪያ አገሪቷ ለአንድ እምነት ዴዲኬትድ ናት ይላል፣ ቀጥሎ ከሜዳው የተወሰነውን ለመቃብር ዴዲኬት ልናረግ መጣን ይላል፣ ወዲያው ደሞ እኛ ዴዲኬት ልናረገው አንችልም ይላል፣ መጨረሻ ላይ ዴዲኬት መደረግ ያለብን እኛው በሕይወት ያለነው ነን ብሎ ይገለብጠዋል። አማርኛ የሚችሉትን ልጆች እያንዳንዷን ተርጉሟት እላቸዋለሁ። አንድ ዓመት ላይ ከጎንደር አዲስ የመጣ ልጅ ነበር፣ እስከዛ ቀን ክፍል ውስጥ «ቲቸር» ከማለት ሌላ ብዙም አያወራም፣ ለመቃብሩ «ለመታሰቢያ መለየት» ብሎ ጻፈ፣ ለመጨረሻው «ራስን መስጠት»፣ ለመጀመሪያው ግራ ገብቶት ሰረዘ ጻፈ ሰረዘ። ከዛ እጁን አወጣና በእንግሊዝኛ «አንድ ቃል አይደለም እኮ» አለ። እዚሁ አገር ተወልደው ያደጉት ልጆች ወረቀታቸውን እንደገና ማየት ጀመሩ። አርአይ 4 የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ የቃል ምርጫ እየተደራረበ በትርጉሙ ላይ ምን እንዳመጣ መተንተን።

የቀኑ መውጫ ወረቀት፣ ክፍሉ ሲያልቅ ጽፈው የሚያስረክቡት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሊንከን ቃሏን ከምን ተነስቶ ወደ ምን ወሰዳት፣ ለምን። ካርታው ላይ ይሄ ሁሉ አንድ ረድፍ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ስታንዳርድ አርአይ 4 ከአርአይ 9 ጋር፣ ጽሑፍ ጌቲስበርግ፣ ማረጋገጫ የመውጫው ዓረፍተ ነገር፣ ስትራቴጂ ተደጋጋሚ ቃል በቀለም መከታተልና በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማወዳደር።

የቱ ስትራቴጂ ለየቱ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ዳር ላይ ማስታወሻ መጻፍ ለ1፣ ማሳጠር ለ2፣ የጽሑፉን ቅርጽ በሳጥንና በቀስት መሳል ለ5፣ «ይሄን የጻፈው ማነው፣ ምን እንዳምን ፈልጎ ነው» ብሎ ጸሐፊውን መጠየቅ ለ6፣ አባባልና ማስረጃን በሁለት ዓምድ መለየት ለ8፣ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ለ9፣ የቃል ስርና ቅጥያ መፍታት ለኤል 4። ሬሲፕሮካል ቲቺንግ የሚባለውን፣ ፓሊንክሳርና ብራውን በ1984 ያሳተሙትን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ አራት ነገር አለው፣ መገመት፣ መጠየቅ፣ ግልጽ ማረግና ማሳጠር፣ ከነዚ ውስጥ ማሳጠር በቀጥታ 2 ላይ ያርፋል፣ መጠየቅ 1ን ይደግፋል፣ ግልጽ ማረግ ኤል 4ን፣ መገመት ግን ስታንዳርድ የለውም። የለውም ማለት አይጠቅምም ማለት አይደለም፣ አስተምሩት፣ ኮድ ግን አትለጥፉበት።

«ስትራቴጂ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው» የሚል አለቃ ከገጠማችሁ የፌዴራሉ የትምህርት ምርምር ተቋም በ2008 ያወጣው የወጣቶች ንባብ መመሪያ አለ። ቃላትን በግልጽ ማስተማር፣ የመረዳት ስትራቴጂዎችን በቀጥታና በግልጽ ማስተማር፣ ስለጽሑፉ ረዘም ያለ ውይይት፣ ተነሳሽነት፣ ለሚቸገሩት ደሞ በባለሙያ የሚሰጥ የተጠናከረ ድጋፍ፣ አምስቱን ነው የሚመክረው። ገጹን ፕሪንት አርጋችሁ ያዙ።

አርኤል 4 ዘይቤያዊና ስሜት ያዘለ ትርጉም ላይ ነው፣ ለዚህ አማርኛ የሚናገር ልጅ ባዶ እጁን አይደለም የሚመጣው፣ ሰምና ወርቅን ባያውቀው እንኳን «ሆደ ሰፊ» ሲባል ታጋሽ ማለት እንደሆነ፣ «ሆዳም» ሲባል ስድብ እንደሆነ ያውቃል፣ ሁለቱም ሆድ ናቸው። ከዛ ወደ «ስሊም»ና «ስኪኒ»፣ ሁለቱም ቀጭን ናቸው፣ መሻገር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አርኤል 6ን ደሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። የ9-10ው ከአሜሪካ ውጪ የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ያለን አመለካከት ወይ ባህላዊ ልምድ ተንትኑ ይላል። የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ ወደ ክፍል ለማስገባት ፈቃድ መለመን አያስፈልግም ማለት ነው፣ ስታንዳርዱ ራሱ ጋብዟል። አንድ ነገር ብቻ፣ ክፍል ውስጥ ያለውን ኢትዮጵያዊ ልጅ «እስቲ ስለ ባህላችሁ ንገረን» ብላችሁ አታፋጡት፣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ አምባሳደር አይደለም፣ ጥያቄው ለጽሑፉ ይሁን።

ጽሑፍ ስትመርጡ

ሁሉም ሰው የሚያየው ሌክሳይል የሚባለውን የጽሑፍ ክብደት መለኪያ ቁጥር ነው። ለ9-10 ከ1050 እስከ 1335፣ ለ11-12 ከ1185 እስከ 1385 ነው ባንዱ፣ ለክፍሉ የሚጠበቀው ክብደት ከየት እስከ የት እንደሆነ ማለት ነው። ቁጥሩ የሚቆጥረው ግን በዋናነት የዓረፍተ ነገር ርዝመትና የቃላት ድግግሞሽ ነው፣ ለዚህ ነው ስታንዳርዱ ሦስት ነገር እዩ የሚለው፣ ቁጥሩን፣ የጽሑፉን ጥልቀትና አወቃቀር፣ ከዛ አንባቢውንና የሚሠራውን ሥራ። ኮመን ኮር ራሱ አባሪው ላይ የስታይንቤክን «የቁጣ ወይን» ምሳሌ አርጎ ያነሳል፣ በቁጥር ከሄድን የ2ኛና የ3ኛ ክፍል መጽሐፍ ይሆናል፣ አጭር አጭር ቀላል ንግግር ስለሞላበት። ማን ነው ለ2ኛ ክፍል የሚሰጠው?

እኔ የማረገው በሁለት ሳምንት አንድ ከባድ ጽሑፍ በባንዱ ውስጥ ያለ አብረን እናነባለን፣ በዛው ርዕስ ላይ ቀለል ያሉ ሁለት ሦስት ለብቻቸው ያነባሉ፣ ስለ ነገሩ እውቀት እንዲይዙ። «ልጆቹ አይችሉትም» የሚል ካለ ስታንዳርድ 10ን አሳዩት፣ 9ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከባንዱ ከፍተኛ ጫፍ ላይ እንደአስፈላጊነቱ ድጋፍ እየተደረገለት ያንብብ ነው የሚለው፣ ብቻውን ያንብብ የሚለው 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ነው። ድጋፉ የተጻፈው እዛው ስታንዳርዱ ውስጥ ነው።

70 በመቶ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ የሚለው ወሬም ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ ለ12ኛ ክፍል ነው፣ ለ8ኛ 55 ነው፣ የተወሰደውም ከብሔራዊው የንባብ ምዘና ነው፣ ዋናው ነገር ግን የሚሰላው ልጁ በትምህርት ቤቱ በሙሉ ከሚያነበው ነው፣ የታሪኩም የባዮሎጂውም ይቆጠራል። ከኛ ክፍል ግጥምን አባሩ ያለ የለም።

ኮድ የሌለው ችግር

አሁን የሚያናድደኝ ነገር። ፊደልና ድምፅን ማገናኘት፣ ቃልን ሰብሮ ማንበብ፣ ፍጥነት፣ እነዚ በኮመን ኮር መሠረታዊ ክህሎት በሚለው ሥር ናቸው፣ እሱ ደሞ 5ኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ስለዚ 9ኛ ክፍል ያለ ልጅ ረጅም ቃል ማንበብ ካቃተው በሃይስኩል ገጾች ውስጥ የምትጽፉለት ኮድ የለም። ግን ልጁ አለ፣ ፊታችሁ ተቀምጧል። ሃያ ስትራቴጂ ብታስተምሩት ቃሉን ካላነበበ ስለምን ይጠይቃል ምኑን ያሳጥራል?

ስለዚ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ፣ በር ላይ ወንበር አውጥታችሁ፣ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥቶ ያንብብላችሁ። በሌሎቹ ፊት በፍጹም። እየገመተ ነው ወይስ እያነበበ ነው፣ የቃሉን መጀመሪያ አይቶ ሌላ ቃል ይላል ወይ? ከሀገር ቤት የመጣ ከሆነ አንድ የአማርኛ ገጽም አስነብቡት። ፊደላችን እንደተጻፈ ስለሚነበብ፣ አማርኛውን እንደ ውሃ ካነበበው ችግሩ በአብዛኛው የእንግሊዝኛ እንጂ የማንበብ አይደለም፣ እነ «ቶውት» (thought) እና «ስሩ» (through) አንድ ዓይነት ፊደል ይዘው ሌላ ሌላ ድምፅ ሲያወጡ ማን ያልተደናገረ አለ። እዚህ ተወልዶ አማርኛ የሚሰማ ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ላይ ይሄ ሙከራ አይሠራም፣ በሱ አትፍረዱ። የምር የማንበብ ችግር ሆኖ ካገኛችሁት ለሪዲንግ ስፔሻሊስቱ ቶሎ አሳልፉ፣ ካርታው ላይ ደሞ በኤል 4 ሥር በየቀኑ አሥር ደቂቃ ረጅም ቃል መስበር አስገቡ፣ የቃል ክፍሎችን መጠቀም ስለሚል ቦታውን ይይዛል።

ፊደል ካነሳን አይቀር፣ ቃልን ከዙሪያው መፍታትን የምጀምረው በአማርኛ ነው። ሰሌዳው ላይ «ገና» ብዬ እጽፋለሁ። ምን ይላል? ግማሹ የልደት በዓል ይላል፣ ግማሹ «አልመጣም ገና» የሚለው ይላል። ማጥበቅና ማላላት አንጽፍማ፣ «አለ»ም ተናገረ ይሁን ተገኘ ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምናውቀው። አማርኛ የሚያነብ ልጅ በየመስመሩ ይሄን ሲያደርግ ነው የኖረው፣ ስም አልሰጠውም እንጂ። አማርኛ ላልተማሩት ልጆች ደሞ ፊደሉን ማየቱ ብቻ ያስደስታቸዋል።

እንግሊዝኛ ለሚማሩት

ሜሪላንድም ዲሲም ቨርጂኒያም ዊዳ በሚባለው፣ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የቋንቋ ስታንዳርድ በሚያወጣው የስቴቶች ኅብረት ውስጥ ናቸው። ዊዳ ስድስት የቋንቋ ደረጃ አለው፣ የ2020 እትሙ ደሞ ቋንቋን በአራት አገልግሎት ይከፍለዋል፣ መተረክ፣ ማሳወቅ፣ ማብራራት፣ መከራከር። ከሪዲንግ ካርታችሁ ጎን አንድ ዓምድ ጨምሩና የትኛው እንደሆነ ጻፉ፣ አርአይ 2 ብዙውን ጊዜ ማሳወቅ ነው፣ አርአይ 8 መከራከር። ዋናው ጥያቄውን አለማውረድ ነው፣ ደረጃ 2 ያለው ልጅ ያችኑ ጥያቄ ይመልስ፣ የዓረፍተ ነገር ጅማሮ ስጡት፣ መጀመሪያ በአማርኛ ከጓደኛው ጋር ያውራበት፣ የቃል ዝርዝር ይያዝ። ከጥያቄው ይልቅ መወጣጫውን ነው የምትለዋውጡት።

ካርታውን መሥራት

አንድ ሰመስተር 18 ሳምንት አካባቢ ነው። ሁሉንም ስታንዳርድ ልሸፍን ብላችሁ አትነሱ፣ የኔ ስድስት ናቸው፣ አርአይ 1፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና አርኤል 6፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሳምንት፣ ኤል 4 ከሁሉም ሥር እየተጎተተ። የቀሩትን መደበኛው እንግሊዝኛ ይሸከማል፣ አርኤል 7 ለምሳሌ አንድ ጉዳይ በሁለት የተለያዩ ጥበቦች እንዴት እንደቀረበ መተንተን ነው፣ የኦደንን ግጥምና የብሩገልን የኢካሩስ ሥዕል ምሳሌ ይሰጣል፣ ደስ ይላል፣ ግን እኔ ሳምንት የለኝም። ከእንግሊዝኛ አስተማሪው ጋር ተቀምጣችሁ ማን ምን እንደሚይዝ ተነጋገሩ፣ ይቺ ግማሽ ሰዓት ብዙ ድካም ታድናለች። ከታሪክ አስተማሪውም ጋር፣ ጌቲስበርግን በስንተኛው ሳምንት እንደሚያደርስ ጠይቁት።

ዓምዶቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁኑ፣ ሳምንት፣ ስታንዳርድ፣ ማረጋገጫ ሥራ፣ ጽሑፍ፣ የዊዳ አገልግሎት፣ ስትራቴጂ። ለአንድ ሳምንት አንድ ዋና ስታንዳርድ፣ ቢበዛ ሁለት ደጋፊ። ከዛ በላይ ኮድ ካያችሁ እየለጠፋችሁ ነው።

አርአይ 8 ላይ፣ ክርክርን መመዘን፣ የውሸት አባባልና የተሳሳተ ምክንያት መለየት ነው፣ እኔ የምጠቀመው የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ፎርዋርድ የሚደረጉትን ዓይነት መልዕክቶች ነው፣ ይሄን ቅጠል ከማር ጋር ከጠጣችሁ ከምንም ትድናላችሁ የሚለውን ዓይነት፣ ራሴ በእንግሊዝኛ አስመስዬ እጽፈዋለሁ። የየትኛውም አገር ልጅ ይሁን «እናቴ ይሄንን ልካልኛለች» ይላል። አባባሉ ምንድነው፣ ማስረጃው ምንድነው፣ ከአባባሉ ጋር ይገናኛል፣ ይበቃል? ከዛ በኋላ ነው ወደ ጋዜጣ አስተያየት የምንገባው።

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ፈተና አለ። ከአንድ ዩኒት የሦስት ልጆችን ወረቀት አውጡ፣ ስምና ኮዱን በወረቀት ሸፍኑና ለሌላ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስጡ፣ «ይሄ ወረቀት የየትኛው ስታንዳርድ ነው?» በሉት። ቁጥሩን በትክክል ከተናገረ ካርታው ይናበባል። «ይሄማ ቃላት ነው» ካለና እናንተ 6ን ጽፋችሁ ከሆነ የሚቀየረው ኮዱ ሳይሆን ሥራው ነው። የኔ የ8 ወረቀት እስካሁን ለሦስት ሰው ሰጥቼው ሁለቱ 1 ነው አሉኝ፣ ማስረጃ ፈልጉ ብቻ ብዬ ኖሯል፣ ማስረጃው ይበቃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ዘንድሮ መስከረም ሳይገባ እሱን እንደገና እየጻፍኩት ነው።